ዓይን አወጣ

አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤
«ደካማ ወጀብ፣ ጥቂት ዝናብ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ።
ድምፄ አልሻከረም። ቀጥሎ የኮኮናት ዋጋ፣
ቀጥሎ የሰርግ ጥሪ፤ የስቱዲዮው በር ተዘጋ።

ኤቮዲዮ ግን ያን ማታ መረቡን ከጥልቁ ሲስብ
ከሥር የመጣው ገመድ ይሞቃል፣ እንደ ሕመምተኛ ላብ።
ከላይ ለብ ብሎ ከታች ይበርድ የነበረው
የጌሬሮ ባሕር፣ ትኩሳቱ እስከ ሆዱ ነው የዘለቀው።
«ሮሴንዳ፣ ይሄ ውሃ ታሟል» አላት፤
እሷ ግን የኔን ድምፅ አምና ድስት ጣደች ለራት።
እሱ ጀልባውን በትከሻው፣ በገመድ፣ በአህያ
ጎትቶ ኮረብታ አወጣ፤ ሰፈሩ ሳቀ፦ «ዓሣ የለም እኮ እዚያ!»

አሁን ነው ያስረዱኝ፤
አውሎ ነፋስ ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ነው የሚሞት፤
ሲዞር ባሕሩን ያማስላል፣ ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣበት፣
እሳቱም ይጠፋበት።
ይሄኛው ቢያማስል፣ ቢያማስል፣ ሙቅ ብቻ ወጣለት።
ከላይም አንገቱን የሚያጥፍ ንፋስ አልነበረ፤
ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንፋሎት ጠጣ፣ ሰከረ።
እንፋሎቱ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ጣለ፤
የሞቀው አየር ቀለለ፣
ሽቅብ ሄደ፣ መሃሉ ጎደለ፤
ወደ ጎደለው ንፋስ ጎረፈ፣ እየተጋፋ፣
ክቡ በጠበበ ቁጥር እየፈጠነ፣ እየከፋ።

እኩለ ሌሊት ላይ ዓይን አወጣ።
ሽፋሽፍት የለው፣ እንባ አያውቅ፣ ከሰማይ ሲያዩት ጥርት ያለ፣
ኀፍረቱን የጣለ።

ስምንት ሰዓት ሌሊት ስልኬ ጮኸ፦ «ተነሺ!
የሚመጣው ሌላ ነው፣ ሌላ ነው ያነበብሽው አንቺ!»
ማይኩን ከፍቼ «ወደ ኮረብታው!» አልኩ፣ ደገምኩ፣ ጮኽኩ፤
መብራት ከጠፋ ሩብ ሰዓት አልፏል፤ ለጨለማ ነው የሰበክኩ።

በቤተ ጸሎቱ ግንብ ጥግ፣ ተገልብጣ በታሰረች ጀልባ ሥር
አሥራ አንድ ሰው ነጋለት፤
ሮሴንዳም ድስቷን እንዳቀፈች። የሌሎቹን ስም አልቆጥር።

በሦስተኛው ቀን መጣ። አልወቀሰኝም። ተቀመጠ።
«ወረቀቱ አልዋሸም፤ ሲጻፍ እውነት ነበር፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የተለወጠ።
ውሃ እኮ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

ዛሬም የሰጡኝን አነባለሁ፣ ቃል ሳልጨምር።
ማይኩን ከመክፈቴ በፊት ግን እደውልለታለሁ፦
«ገመዱ እንዴት ነው?»