ቱቦው ይዞራል

«ቱቦው ይዞራል» አለኝ ሸረፋ፣ ገና ስገባ በበሩ፣
«ልክ እንደያዝሽው ይሸሻል፤ ይሄ ነው የዚህ ብረት ነገሩ።
አውራ ጣትሽን አትመኚ፣ ቀድሞ የሚከዳሽ እሱ!»
ይላል፣ ሌባ ጣቱን መጋዝ የበላበት አናጢ ራሱ።

ኮቺ፣ የበዳሳ ጋራዥ፣ ቅዳሜ፣ ከአሱር በኋላ፣
ዝናቡ አባርቶ፣ ግማሹ ሰው እንደቆመ ከጣራው ጥላ።
የአይሱዙ ቸርኬ በሰንሰለት፣ ከሥሩ ሌላ ቸርኬ፣
ከላይ ወፍራም የውሃ ቱቦ፤ ማንም አልሠራው በልኬ።

ሕጉ አጭር ነው። አንድ እጅ። ሌላው ከወገብ ጀርባ።
«ስም?» አለኝ መዝጋቢው ልጅ።
«ሙኒባ።»
«ለወንድምሽ ነው?» «ለራሴ።» ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እጄን አየ፤
እስክሪብቶው ትንሽ ቆየ።

ምን እንዳየ አላውቅም። የሆስፒታሉ ማጠቢያ ማሽን
ከተበላሸ ግን ሦስት ዓመቱ፤
ብርድ ልብስ በእጅ ይጨመቃል፣ ጠዋት ማታ፣ በየዕለቱ።
የወላድ አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ ውሃ ሲጠጣ የሚከብድ፣
ጠምዝዤ፣ ጠምዝዤ፣ እስኪያልቅ ውሃው፣ እስኪግል ክንድ።
ሃያ ሁለት አልጋ አንድ ክፍል ነው። ክፍሎቹን እኔ አልቆጥርም፤
እጄ ግን ቆጥሯቸዋል፣ እሱ ሒሳብ አይሰርቅም።

ወንዶቹ ጀመሩ። ጫኙ ተማም፣ ኩንታል ይዞ የሚሮጠው፣
ጨበጠ፣ አጓራ፣ ተነሳ፤ ቱቦው ቀረ፣ እጁ ብቻ ነው የወጣው።
ሳቅ ሆነ። «የትከሻ አገር አይደለም ይሄ» አለ በዳሳ፣
«እዚህ የሚጠየቀው ጣት ነው!» ቀጣዩ ተራ ሲነሳ።
የልኳንዳው ልጅ አርባ አነሳ። ፖሊሱ አርባ አምስት አቅቶት፣
አድራሻ እንደጠፋበት ሰው መዳፉን አገላብጦ አየ፣ ገርሞት።

ጠመኔ አቀበሉኝ፤ እጄ የመምህር እጅ መሰለ።
«ወገብሽን!» አለኝ አንዱ። ሌላው ምንም አላለ።
ግራዬን ከጀርባዬ የሻርፔን ጫፍ አስያዝኩት።

ይዞራል፣ እውነት ነው። ብርድ ልብስም ይዞራል፣ ይሸሻል፤
እርጥብ ነገር ሁሉ ከሰው እጅ ማምለጥ ይሻል።
የኔ ትምህርት በመጨበጥ አልነበረም፣ በማድመጥ፤
እሱ ሊሄድ ባሰበበት ቀድሞ ሄዶ መቀመጥ።

አርባ አምስት። ተነሳ። ሃምሳ። ተነሳ። «አስቀምጪ!»
ከአጥሩ ላይ አንዲት ልጅ፦ «አትልቀቂው፣ ጨብጪ!»

ሸረፋም አነሳ፣ በአራት ጣት። ሁለታችን ቀረን።
ብረት አለቀ። በዳሳ ዕቃ ቤት ገብቶ፣
አንድ ጣሳ ሚስማር ጨመረን።

ያዝኩ። መሬት ለቀቀ። ጉልበቴን አለፈ። ሚስማሩ ተንሿሿ።
በዳሳ ሊናገር አፉን ከፈተ፤
ቃሉ ሳይወጣ፣ እጄ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ተከፈተ።

«እጅ ሰጠች» አሉ። አይደለም። እጅ አልሰጠሁም፤
እጄ ነው እኔን የሰጠኝ። ይሄን ለማስረዳት ግን ትንፋሽ አላገኘሁም።

ሸረፋ አነሳ። «አስቀምጥ» ተባለ። ወዲያው አላስቀመጠም፤
ሌባ ጣቱ የነበረችበትን ክፍተት አየ፣ ቃል አልወጣውም።
ሽልማቱ የባጃጅ ጎማ ነው። ባጃጅ የለውም። ሳቀ።
የጋራዡ ቆርቆሮ በጭብጨባ ሞቀ።

እኔም ላጨበጭብለት አሰብኩ። ቀኜ አልታጠፍ አለኝ፣
እንደ ሰው እጅ ከጎኔ ተንጠልጥሎ ቀረ።
አንድ እጅ አያጨበጭብም ይላሉ። በግራዬ ጭኔን መታሁ፣
ጧ፣ ጧ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የኔን ሰማሁ።

አዌቱን ስሻገር መጀመሪያ የተመለሰችው ትንሿ ጣቴ፤
ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ አምሽተው እንደሚገቡ ልጆች ቤቴ።

ሰኞ ክምሩ ይጠብቀኛል፣ እርጥቡ፣ እስከ ደረቴ።
እዚያ ደግሞ «አስቀምጪ» የሚል የለም።