አንድ ማጭድ

(ቢድ፣ ምዕራብ ሕንድ)

የእኛ አገር ደላላ፣ ባልና ሚስት ሲቆጥር
«አንድ ማጭድ» ይላል፤ ሁለት አይልም ቁጥር።
ቅድሚያ ክፍያውን አባቴ ፈረመ፣
አውራ ጣቱን ነክሮ ወረቀት አተመ።
እናቴ ከኋላ፣ ሳጉናባይ፣ ቆማ
ትሰማ ነበረ፣ ስሟን ሳትሰማ።

ከቢድ ተነሥተን፣ በትራክተር ታጭቀን፣
ጥቁር ላስቲክ ወጠርን፣ ቤት ነው ብለን ስቀን።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል ቀኑ፤
የሸንኮራው ቅጠል ምላጭ ነው ጎኑ።
አባቴ ይቆርጣል። እናቴ ትቆርጣለች፣
ታስራለች፣ ታነሣለች፣ በራሷ ትሸከማለች፣
በጣውላ ወጥታ መኪና ትጭናለች፣
ከዚያ እሳት ታነድዳለች።
አባቴ ከዚያ ይተኛል።

ቀን መቅረት ቅጣት ነው፤ ይቆረጣል ገንዘቡ፤
የወር አበባ ግን አያውቅም ሒሳቡ።
ጨርቅ መለወጫ የለ፣ ውሃ የለ፣ በር የለ፣
ደሟ ከላቧ ጋር በቀሚሷ ዋለ።

ሆዷን ሲያማት ጊዜ ከተማ ወሰዷት።
ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረ፣
«ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብሎ ጀመረ፤
«ወልደሽ የለም ወይ? ሦስት ልጅ ይበቃል፤
ማህፀን ምን ይሠራል? ትርፍ ነው፤ ይቆረጣል።»
ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።
የቀዶ ጥገናውን ደላላው አበደረ፣
ከመጪው ዓመት ድርሻ ሊቆርጥ ተነጋገረ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ ቃሉ ያው አንድ ነው፦
ሸንኮራ ቆረጠች፤
ሒሳቧ ተቆረጠ፤
እሷም ተቆረጠች።
ተስፋስ?
ቆይ፣ እሱን እነግራችኋለሁ።

ስፌቱ ሳይደርቅ፣ በአሥራ አምስት ቀኗ፣
ነዶ ስታነሣ ታጠፈ ጎኗ።
ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤
የሰባ ዓመት ዐጥንት ከየት መጥቶባታል?

ማታ፣ ሴቶቹ ጀርባቸውን ለእሳቱ ሰጥተው ሲያወሩ ሰማሁ።
ፓርዋታም የላትም። ቪማልም የላትም።
ሺታል ገና ሃያ ስድስቷ ነው፤ እሷም የላትም።
«ያንቺ ሐኪም የትኛው ነው?»
«መነጽር ያለው።»
«የኔም እሱ ነው።»
ከዚያ ሣቁ። ለምን እንደሣቁ ያኔ አልገባኝም፤
አሁን ገብቶኛል፤ ግን እኔ አልሥቅም።

በቀጣዩ ዓመት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ያው ሞተር ሳይክሉ መጣ እያጓራ።
«ናምዴቭ፣ አንድ ማጭድ» ብሎ ጽፎ ጨረሰ፣
የቀለም ሳጥኑን ለአባቴ ለገሰ።
እናቴ ከኋላ፣ ሁልጊዜ ካለችበት፣
አንድ ርምጃ ወጣች፤ ጣቷን ነከረችበት፤
መስመር ስለሌላት፣ ከኅዳጉ ጠርዝ ላይ
አሳረፈችው፤ ጸሐይ እያየ፣ ሰው እያይ።

«ለሴት ቦታ የለውም» አለ ደላላው ስቆ፣
«መስመሩ አንድ ነው»፤ መዝገቡን ነጥቆ።
አባቴ የራሱን አውራ ጣት ያያል፤
የሚለው ጠፍቶበት ዝም ብሎ ይቆያል።

እኔ ማንበብ ዐውቃለሁ፤ ጎንበስ ብዬ አይቼው ነበር፦
ሐምራዊ፣ ትንሽ፣ እንደ ዘቢብ ፍሬ፣
የማጭድ ጠባሳ መሀሉን የሰነጠቀው።
ቀለሙ አልደረቀም።
ደላላው ተናዶ፣ መዝገቡን በኃይል ዘጋው።

ነገ ሲከፍተው፣
ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይም ታትሞ፣
ሁለት ሆኖ ያገኘዋል።