ሁለት ጣውላ

ቸቸላ ካለው ቤት፣ ከመጋዙ አጠገብ፣
ደብተሬ ግድግዳ፣ በእርሳስ የሚነበብ።
ጥር ዐሥር ርብራቡ፣ ከጥምቀቱ ባሕር ዳር፤
ዐሥራ ሦስት ዳስ መጣል፣ የዝማም ልጅ ሲዳር፤
የካቲት መባቻ፣ ለአዘዞ ተማሪ፣
ሠላሳ ዴስክ አለ፣ ውሉ ጥብቅ፣ አሳሪ።

ሦስት ሥራ፣ አንድ ጣውላ። ይኸው ነው ሂሳቡ፤
ዳሱ የሚቆመው፣ ሲፈርስ ነው ርብራቡ፤
ርብራቡ አይፈርስም፣ ሚካኤል ሳይገባ፤
ማን ይለዋል እሱን፣ «ፈጠን በል፣ ቶሎ ግባ»?
ዴስኩ ደሞ ይጠብቃል፣ ዳሱ እስኪነቀል፤
የዝማም ዘመድ ብዙ፤ መልስ አለ፣ ቅልቅል።
መብራት ለመጋዙ፣ መጋዝ ለእኔ ጌታ፤
መብራቱ ግን ይመጣል፣ ሲፈልግ፣ በማታ።
ዝማም ትደውላለች፤ «ልጄን እንዳታዋርድ!»
ለሁሉም «እሺ» አልኩ፤ እሺ ነው የሚማግድ።

ጥር ስምንት ማለዳ፣ የጋሽ ቢያድግ ልጅ በሬ ላይ
ቆሟል፤ አያወራም፤ መሬት መሬት ሲያይ።
«አባቴ...» ብሎ ቀረ። ገባኝ። መለኪያዬን
አንሥቼ ተከተልኩ፣ ትቼ ግድግዳዬን።
እሱ ቀን አልቆረጠም፤ ቀብድም አልሰጠኝ፤
ግን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ቀብሩ የጠበቀኝ።

ከርብራቡ መሐል፣ ከሦስተኛው ደረጃ፣
ሁለት ጣውላ ነቀልኩ፣ ያላንድ ማስረጃ።
ካሜራውን አንግቶ፣ እዚያ ሊቆም ያሰበ፣
ቦታ ይፈልግ ሌላ፤ ጋሽ ቢያድግ ተረከበ።

ማታ ከቀብር መልስ፣ መብራት መጣ ድንገት፤
ግድግዳዬ ላይ ጻፍኩ፦ «ጎድሏል ሁለት እንጨት።»
ከማን ቀን ላጉድለው? እኔም አላወቅሁም፤
መጋዜን አስነሣሁ፤ ማንንም አልጠየቅሁም።