ባለቤት

«ቁልፉ ጌኖቬፋ ዘንድ ነው» አለን ባለብስክሌቱ፣
«ቢጫውን አጥር ስታልፉ፣ ዝይ የሞላበት ነው ቤቱ።
ጠንከር አርጋችሁ አንኳኩ፣ ጆሮዋ ዳተኛ ነው፤
ውሻውን ደግሞ አትፍሩት፣ ጥርስ የለው፣ ወሬ ብቻ ነው።»

ወጣች። እጇ ላይ ዱቄት፣ እግሯ ላይ የወንድ ቦት፤
ከማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ስንዝር የሚያህል ብረት
መዝዛ፣ «ሦስት ዝሎቲ» አለች፣ «ለጣሪያው እንጂ ለኔ አይደለም፤
ልጅ ይዞ ከመጣ ሰው ግን ሰባራ ሳንቲም አልወስድም።»

ሊፓ በሚሉት ዛፍ መሀል፣ ግራና ቀኝ በተሰለፈ፣
ሠረገላ ባለፈበት፣ ትራክተርም ባለፈ፣
ላያችን ላይ ንብ ሲያጉረመርም፣ ጭቃው ከታች ሲይዘን
እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኛን ትንፋሽ አጠረን።

መናፈሻው ውስጥ አንበሳ፣ የድንጋይ፣ አፍንጫ አልባ።
«ቪቶልድ ነው» አለች፣ «ወንድሜ፤ ያ የልጅ ሌባ፣
በረዶ ውስጥ ድንጋይ ሸሽጎ።» ሳቀች፤ ሣሩን ረግጣ አለፈች።
ኩሬው ሸምበቆ ሆኗል። ዳሩ ላይ ትንሽ ቆመች፦
«እዚህ የባሮኑ ውሻ መቃብር አለ፣ ስሙ ተጽፎበት፤
የገበሬዎቹ መስቀል እንጨት ነበር፤ ዝናብ በላው፣ ሣር በቀለበት።»

ከዚያ ቤተ መንግሥቱ።
እኔ እንኳ የጠበቅሁት የፖስትካርዱን ነበር፣ ነጩን፣ ባለ ግርማውን።
መስኮቱ ሃያ አራት፣ መስታወት ያለው ዘጠኝ፤
ጭስ ማውጫው ላይ ሽመላ እንደ ጌታ ገላመጠኝ።

አዳራሹ ጣሪያ ላይ ግማሽ መልአክ ቀርቶ፣
ወለሉ በመንግሥት እርሻ ዘመን በስንዴ ክምር ጎብጦ፤
«እዚህ ይጨፈር ነበር፤ እዚህ ድንች ተከመረ፤
በዚያን ጊዜ ከባሮን ይልቅ አይጥ ነው የተከበረ።»

እናቷ ከምሥራቅ የመጣችው ከላሟ ጋር ነው፣ በአንድ ፉርጎ፣
አሥራ ሁለት ቀን።
ደረሳት አንድ ክፍል፣ የባሮኑ ሚስት ልብስ መቀየሪያ፣
ለአራት ቤተሰብ በጣውላ ተከፍሎ፤
ላሚቱ ምድር ቤት፣ ድሮ የወይን ጠጅ ማኖሪያ።

የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ጭረቶች፦
ኦቲሊ፣ ሄድቪግ፣ በጀርመንኛ፣ በቀጫጭን ፊደሎች፤
ከነሱ ጎን፣ በወፍራም እርሳስ፣ ቪቶልድ፣ ጌኒያ፣ ስታሻ።
«በስድስት ዓመቷ በሁለት ጣት በልጣኝ ነበር፣ ሥጋ ስለምትበላ፤
በአሥሩ ግን ደረስኩባት፣ አየሽ? በመጨረሻ።»
አይታት በማታውቅ ልጅ ላይ እልህ ይዟት፣
ከዚያ ጣቷን በስሟ ላይ አሳልፋ አቧራውን ጠረገችላት።

ዚታ ጠየቀች፦ «ባለቤቱ የት ነው፣ ይሄ ሁሉ እየፈረሰ?»
ጮክ ብላ አልነበረም። ቃሉ እሷ ዘንድ ሌላ ሆኖ ደረሰ።
«ባለቤቴማ እዚያ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።
በየክረምቱ እዚህ ጣሪያ ወጥቶ፣
በረዶ ሲጠርግ፣ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ውሃ እንዳይገባ፤
ማንም ሳይከፍለው፣ ሰላሳ አንድ ዓመት።
መጋቢት ላይ መሰላሉን አቆመና ተቀመጠ። በቃ።
እዚያው፣ ደረጃው ላይ፣ ልቡ ደከመበት።»

ዚታ አየችኝ። አላረምናትም።
ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ገዝቶታል ይባላል፤
ፎቶ አንስቶ ከሄደ ወዲህ ግን አልመጣም።

ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ፦ በስተኋላ ግንቡ ተንዷል፣
አጋዘን፣ ላም፣ ሠርገኛ ሳይቀር እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል።
እሷ ግን የፊቱን በር ቆለፈች፤ ሁለቴ አዞረች ቁልፉን፣
ሄደች፤ ተመለሰች፤ ነቅንቃ አየች እጀታውን።