የጎሚስታው ሳፋ

እሑድ ጎህ ሳይቀድ፣ ፓምፔን ተሸክሜ፣
ጣና ዳር መንገድ ላይ፣ ዘንባባ ሥር ቆሜ፣
በሳፋ ውሃ ቀዳሁ።
ብስክሌቱ መጣ፣ ሯጩ ተከተለ፣
ኋላ በከዘራ አዝጋሚው ቀጠለ፤
ሁሉም በጀርባው ላይ አንድ ስም አዝሏል።
መዝጋቢዋ መጥታ፣ “ጋሼ፣ የማንን ስም?”
“እጄ ግራሶ ነው፣ ብዕር አያሲዝም።”
ሰበብ ነበር።
ቅጹ ላይ የቀረው ያውራ ጣቴ አሻራ።

ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው አይታይም፣
ደህና ነው የሚመስል፣ በዳሰሳ አይገኝም፤
ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ስትነክረው፣
ቡልቅ ይላል አረፋ፤ ቁስሉ እዚያ ጋ ነው።

በአንጓች ጊዜ ግን ሳፋው አልነበረም።
ሐኪሙ ዳበሰ፤ እኔም ዳበስኩ፤ “ያ ነገር” ነው ያልነው፣
ካንሰር ብዬ ስሙን ገና ዛሬ መጥራቴ ነው።
ጎማ ሲተነፍስ ይሞታል፤
ሰው ሲያቆም።

ይኼ የእግር፣ የሩጫ፣ የፔዳል ገንዘብ
“ለምርምር ነው” ሲሉኝ፣
ሳፋ መግዣ መሰለኝ።

ብስክሌቷን ዛሬ ለተማሪ አዋስኩ፣
“ኮርቻው ዝቅ አለ” ስትለኝ፣ “ተይው” አልኩ፤
አንጓች አጭር ነበረች።
ልጅቱ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሳ ተመለሰች፣
ጉልበቷ ማኑብሪውን እየነካ፣ ላቧን እየጠረገች፤
ምንም አላማረረች።

ቁልፉን አነሳሁ።
ብሎኑ ዝጓል፤ ከእሷ ወዲህ ማንም አልፈታው።
ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁት፤
“ሂጂ፣ አንድ ዙር ድገሚው።”