የመውጫ ወረቀት

ሐኪሙ ፈረመ፣ ማኅተሙ አረፈ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ሌሊት እንደ ዋዛ አለፈ።
አባ ጨብሳ ግን ገና አልጋው ጫፍ ላይ አለ፣
የግራውን ጫማ በቀኝ እጁ እንዳንጠለጠለ።

ረሕመት፣ ልጁ፣ አሮጌ ጆንያ ዘርግታ፣
ቴርሞሱን፣ ፎጣውን፣ የተረፈ ሎሚ ሳይቀር ሰብስባ ከትታ
ትጠብቀኛለች።
ከመስኮቱ ውጪ ጅማ እንደ ልማዷ ታካፋለች።

ወረቀቱን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ፤
«ይኼ የደም ግፊት፣ ይኼ ደም ማቅጠኛ» ማለት ጀምሬ ተውኩ።
የኔ ፊደል ለሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው፤
የሚያነብ ወንድሟም ቦንጋ ነው ያለው።
እስክሪብቶ አወጣሁ፤ በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ
ሣልኩላት አንድ ፀሐይ፣
በሌላው ግማሽ ጨረቃ።
«ይኼን ለሱብሒ ሲነቃ፣
ያንን መግሪብ ሲያበቃ።»

«ቤታችሁ ደረጃ አለው?» ብዬ ብጠይቅ በቅጹ መሠረት፣
ጠመም ባለ ከንፈር ሳቀ፦ «ደረጃስ የለም፤ ዳገት!»
ሽንት ቤቱስ? ከቡናው ግርጌ፣ ቁልቁል ነው፤
ቅጹ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለው።
ለረሕመት ነገርኳት፦ ከደጃፍ እስከዚያ ገመድ ይወጠር፣
በደኅናው እጁ የሚይዘው።

ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ የሰቃ ሚኒባስ፣
ከአስፋልቱ ወርዶ ደግሞ
የመንደር ጎረምሶች በቃሬዛ፣ ቤት እስኪደርስ።
በመስኮት አየሁት ሲሄድ፣ ሳልሰናበተው በወጉ፤
ዐሥራ አራት ቁጥር አልጋ ላይ
አንሶላ ቀይረው ሌላ ታማሚ አስጠጉ።

በሰባተኛው ቀን ደወልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
ረሕመት ትጮኻለች፦ «ደኅና ነው! ገመዱን ይዞ ይሄዳል!»
«መድኃኒቱስ?»
ዝም አለች።
ከዝናቡ ኋላ አንዲት ዶሮ ጮኸች።
«ጎረቤታችን ሼህ ናስርም ያው ሕመም አለበት፤
አባቴ ‹ብቻዬን ልዳን?› ብሎ
ከፀሐዩ ግማሹን ቆረሰለት።»

ልቆጣ የተዘጋጀው አፌ ተከፍቶ ቀረ፤
ቸርነትን በሚሊግራም ማን ቀመረ?

«ሰኞ» አልኩ፣ «ሁለቱም ይምጡ።
እስከዚያ የአባትሽን ለማንም እንዳይሰጡ፤
ለሼህ ናስር የራሱን ፀሐይ እሥልለታለሁ።»
መስመሩ ተቋረጠ። መስማቷን እንጃ፤
ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶዬን ደጋግሜ እዳስሳለሁ።