አንድ ቁጥር ከፍ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ተንደር ቤይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከእህል ጎተራ፣
አይጥ ማሳደድ ነበር የእንጀራዬ ሥራ፤
በወጥመድ፣ በመርዝ፣ ሲብስም በአካፋ።
ስንዴው ወደ መርከብ እንደ ጎርፍ ሲደፋ
አንዲት ጭራ ብቅ ካለች የእኔ ነበር ጥፋቱ።
ዛሬ ግን፣ ተመልከቱ፣
በገዛ ገንዘቤ አይጥ ገዝቼ፣
በላስቲክ ከትቼ፣
ከዓሣው በላይ፣ ከብሉቤሪው ጎን፣
ፍሪዘር ውስጥ አኖራለሁ፣ ድንጋይ እስኪሆን።

እባቧ የሄልሚ ናት። ካሮት አለቻት፣
ብርቱካናማ መልክ ስላላት።
የበቆሎ እባብ ነው የዘሯ መጠሪያ፤
በቆሎ አትቀምስም፤ ሆዷ ላይ ግን አለ የፍሬ መደርደሪያ፣
ነጭና ጥቁር፣ ነጭና ጥቁር፣
ልጄ በጣቷ ጫፍ ስትቆጥር፣ ስትቆጥር
እንቅልፍ የሚወስዳት።

ስትመጣ እንደ እርሳስ ነበረች፣ ክር የመሰለች።
በየአምስት ቀኑ አንድ ግልገል ትበላለች፤
ጠጉር ያላበቀለ፣ ዓይኑ ያልተገለጠ።
ለብ ባለ ውኃ በረዶው ሲሟጠጥ
በወረቀት አድርቄ፣
በመቆንጠጫ ጫፍ፣ እጄን አርቄ፣
ወዝወዝ ሳደርገው ላፍ!
ሁለት ዙር ትጠመጠማለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች በአፍ።

እናቷ ዊኒፔግ ከሄደች ጀምሮ
ሄልሚም ትጠይቃለች። የእኛም ቤት ኑሮ
በትንንሽ መልስ ሆነ፤
«ሥራ በዝቶባት ነው»፣ «መንገዱ በበረዶ ተደፈነ»፣
«ለገና ትመጣለች»።
ገናም መጥቶ አለፈ። ልጄ ዝም አለች።

የቸኮልኩት ግን ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ነው።
ከፍሪዘሩ ሥር ትልቁን አወጣሁት፣ ጠጉር ያለውን፤
«ትልመደው» አልኩኝ።
ዋጠችው፣ መንጋጋዋን አላቅቃ፣
ሃያ አምስት ደቂቃ።
በሦስተኛው ቀን የሄልሚ ጩኸት ቀሰቀሰኝ፤
ግማሹ የሟሟ ነገር መስታወቱ ሥር፣ ሽታው አሁንም አለብኝ።
«አባዬ፣ ቸኮልክ» አለች፤ አልተቆጣችም።
አሥራ ሁለት ቀን ምንም አላበላናትም፣
ውኃ ብቻ። ከዚያም እንደገና ከ«ሀ»፣
ከትንሿ ግልገል፣ እሷንም ግማሿን፣ በፍርሃት፣ በሥጋት።

ሄልሚ በእርጎ ዕቃ አድርጋ ትመዝናታለች፣
ግራሙን ከሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች፦
አሥራ አራት። አሥራ ስድስት።
አሥራ ስድስት።
ሃያ አንድ።
«አፏን አትይ፣ ወገቧን እይ ብሎኛል ቪልዮ፣ የእንስሳ ሱቁ ሽማግሌ፤
ከሚወፍረው ቦታ በጥቂት ይብለጥ፣ ከዚያ በላይ በደል።»

የካቲት ላይ ካሮት ቆዳዋን ጣለች፤
ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ እንደ ካልሲ ገልብጣ ወጣች።
ከበላች በኋላም አላርፍ አለች፤ ጥግ ለጥግ ታስሳለች፣
ምላሷን እያወጣች።
«አየህ? ትንሿ አትበቃትም።»
እባቧን ነበር የምታየው፤ እኔን አላየችም።

ያን ዕለት ማታ ትልቁን አሟሟሁ።
ሄልሚ መቆንጠጫውን ያዘች፣ እኔ መብራቱን ቀነስኩ።
ዋጠችው። እብጠቱ ከአንገቷ በታች ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፣
አካሏም ወደ ሞቀው ጥግ ሄደ።

ከዚያ እኔ፣ ሳህን ላጥብ ቆሜ፣
ጀርባዬን ሰጥቻት ጀምሬ፣ ኋላ ዞሬ ደግሜ፣
«እናትሽ ተመልሳ እዚህ አትኖርም» አልኳት።
«በበጋ ትሄጃለሽ፤ ዊኒፔግ ነው ቤቷ። ከመስከረም ጀምሮ አውቅ ነበር።» ነገርኳት።
አላለቀሰችም። ፎጣውን አንስታ
አንዷን ብርጭቆ አደረቀች፤ የደረቀችውንም ደግማ፣ አገላብጣ።
«ደህና እደር» ብላ ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ፣ ላንኳኳ እጄን አንስቼ።
ከካሮት ሣጥን በላይ፣ በሄልሚ የተንጋደደ ፊደል፣ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ አንጋጥጬ፦
«ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አትንኳት።
ሙቀቱን አትቀንሱባት።»
እጄን አወረድኩት።
የክፍሏን ማሞቂያ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣
አንድ ቁጥር ከፍ አደረግሁት።